ጉዳዩ፦ ጥናታዊ ጽሑፍ መላክን ይመለከታል

ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጻፊ በደሴም በኮምቦልቻም የታወቀ ሰው ነው። ባለጉዳዩ መጥቶ ከአያቱ ርስት፣ ከአማቹ ክፋት፣ ከዘንድሮው ዝናብ ጀምሮ ሲተርክለት እስክሪብቶውን እንዳነሣ ጥቂት ይታገሠዋል። ከዚያ ያቋርጠውና «ጉዳዩ ምንድን ነው?» ይለዋል። ግማሽ ቀን የሚፈጀው ወሬ በአንድ መስመር ይታሰራል፦ «ጉዳዩ፦ የድንበር መገፋት አቤቱታን ይመለከታል»። ከሥሩ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ይመጣል፤ ምን እንደተደረገ፣ መቼ እንደተደረገ፣ ማን እንደሚመሰክር ይዘረዘራል፤ በመጨረሻ የሚፈለገው ዳኝነት ይጠየቃል። ወረቀቱ ከአንድ ገጽ እምብዛም አያልፍም። ጻፊው ዲግሪ ላይኖረው ይችላል፤ የሚያነበው ሰው ጠረጴዛ ላይ ስንት መዝገብ እንደተቆለለ ግን ጠንቅቆ ያውቃል።

እዚያው ከተማ ውስጥ፣ መረጃ ለመሰብሰብ ሁለት ክረምት የተንከራተተ፣ ቁጥሩን ኮምፒዩተር ላይ ሲያገላብጥ ዓይኑ የቀላ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጥናቱን ለዓለም አቀፍ መጽሔት ሊልክ ሲቀመጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመጽሔቱ ድረ ገጽ ጽሑፉን ይቀበላል፣ ሰንጠረዡን ይቀበላል፣ ሥዕሉን ይቀበላል፤ ቀጥሎ ቀይ ኮከብ አድርጎ ሸኚ ደብዳቤ ይጠይቃል። ከቨር ሌተር የሚሉት እሱ ነው። ይኼኔ ሌሊቱ ተጋምሷል፤ ኔትዎርኩ አንዴ ይመጣል አንዴ ይሄዳል፤ መምህሩ ከኢንተርኔት አንድ ናሙና አውርዶ ስሙን ይተካበታል። እንግሊዝኛው ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ እንዲህ ያለ ነው፦ «ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። በዓለም ዙሪያ ዝናው በናኘው መጽሔትዎ ላይ ይህች ትንሽ ሥራችን ብትወጣልን ደስታችን ወሰን የለውም። መልካም ፈቃድዎ ሆኖ በጎ ምላሽዎን በጉጉት እንጠባበቃለን።» ጥናቱ ስለ ወባ ይሁን ስለ ወፍጮ ከደብዳቤው አይታወቅም። ምን እንደተገኘ የለም። ለማን እንደሚበጅ የለም። አክብሮት ግን ሞልቷል።

ብዙ ሰው ይህን የእንግሊዝኛ ችግር ያደርገዋል፤ እኔ አይመስለኝም። እንግሊዝኛው ቢታረም ያው ደጅ ጥናት በተስተካከለ ሰዋስው ይቀርባል እንጂ ሌላ አይሆንም። ከአገራችን የማመልከቻ ልማድ ሁለት ነገር ወርሰናል። አንዱ «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ነው፤ ሌላው ከባለሥልጣን ደጃፍ ቆሞ ፊቱ እስኪፈታ የመጠበቅ ልማድ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ያቃልላል፣ ሁለተኛው ጊዜ ይፈጃል። ምሁራችን ወደ ውጭ ሲጽፍ የመጀመሪያውን አገር ቤት ጥሎ ሁለተኛውን አስከትሎ ይሄዳል። የምከራከረው ይህንኑ ነው፦ ለመጽሔት ደብዳቤ አጻጻፍ የሚያስተምረን ባህር ማዶ ሳይሆን ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጃንጥላ ሥር ተቀምጧል።

ሸኚ ደብዳቤ የዘመኑ የቢሮ ጣጣ የፈጠረው ይመስለን ይሆናል። እንዲያውም ደብዳቤው ከጥናታዊ ጽሑፉ ይቀድማል። ሄንሪ ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1665 ለንደን ላይ «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለውን መጽሔት ሲጀምር ካተማቸው ብዙዎቹ ከየአገሩ የተላኩ ደብዳቤዎች ነበሩ። ሰውየው ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ ማኅበር ጸሐፊ ስለነበር ይህን አየሁ፣ ይህን ለካሁ፣ እንዲህ ሆነ የሚለው ወረቀት ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣ ነበር። ከጊዜ በኋላ ጽሑፉ ረዘመና ማጠቃለያና ዋቢ አበጀ፤ ደብዳቤው ደግሞ አጠረና አስተዋዋቂ ሆኖ ቀረ። ቢሆንም ሥራ አልፈታም። እ.ኤ.አ. በ1978 ቫንኩቨር ላይ ተሰብስበው ደንብ ማውጣት የጀመሩት የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ደብዳቤው ውስጥ እንዲገባ የሚሹት የታወቀ ነው፦ ይህ ጥናት ወይም ተመሳሳዩ ሌላ ቦታ ታትሞ ወይም ተልኮ እንደሆነ፣ የጥቅም ግንኙነት እንዳለ፣ ጸሐፊዎቹ ሁሉ አንብበው መስማማታቸው፣ ጥያቄ ቢነሣ ማን እንደሚመልስ። ሰላምታ የሚል የለበትም፤ ዝናው የናኘ የሚልም የለበትም። መጽሔቶቹ ደግሞ በየፊናቸው አንድ ጥያቄ ይጨምራሉ፦ ይህ ሥራ ለእኛ አንባቢ ለምን ይሆናል? ማመልከቻ ጻፊው ባለጉዳዩን ካቋረጠበት ጥያቄ በምንም አይለይም።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ጥያቄ ከእኛ አካባቢ የሚሄደው የተለመደ መልስ «በደሴ ከተማ ከዚህ በፊት አልተጠናም» የሚል ነው። በጤናው ዘርፍ የሚወጡትን ጽሑፎች የሚከታተል ሰው የርዕሱን ቅርጽ በቃሉ ይወጣዋል፦ የእንትን ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች፣ እንትን ባለባቸው ሰዎች ዘንድ፣ ደሴ ከተማ፣ ሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በጤና ተቋም ላይ የተመሠረተ ጥናት። እንትኑ ይለዋወጣል እንጂ ሌላው ንቅንቅ አይልም። ውስጡ ሲገባ ደሴ ከአዲስ አበባ 401 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። ደም ማነስ ቢጠና 401፣ የፈተና ጭንቀት ቢጠና 401። ይህ ርቀት በደም ማነስ ላይ ያመጣው ለውጥ እስካሁን አልተዘገበም። አንዳንዱ ይባስ ብሎ ኪሎ ሜትሩን ሸኚ ደብዳቤው ውስጥ ያስገባዋል፤ አዘጋጁ በአውቶቡስ የሚመጣ ይመስል።

ደሴ ላይ አለመጠናቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ኩታበርም ላይ አልተጠናም፣ ወረባቦም ላይ አልተጠናም፣ ሐይቅም ላይ አልተጠናም። በዚህ ስሌት የአገሪቱ ወረዳ እስኪያልቅ ድረስ አንዱን ጽሑፍ ስናባዛ ልንኖር ነው። ለንደን ወይም ናይሮቢ ተቀምጦ ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ይህ ቦታ ሌላው ቦታ ያላሳየውን ምን እንደሚያሳይ ነው። ይህ ደግሞ የደሴና የኮምቦልቻን ሰው ሊቸግረው አይገባም ነበር። ሁለቱ ከተሞች በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ በከፍታ ግን 600 ሜትር ያህል ይበላለጣሉ። ጧት ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲወርድ ጋቢውን ክንዱ ላይ አጥፎ ነው። ወባ ኮምቦልቻ ላይ የታወቀች በሽታ ናት፤ ደሴ ላይ ብርዱ ይገታታል። አንድ ዘመድ አዝማድ፣ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል የሚል ሚኒባስ፣ ሁለት የአየር ጠባይ። የዓለም ሙቀት ሲጨምር ወባ ወደ ደጋ ትወጣ እንደሆነ የሚጠይቅ ተመራማሪ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የሚፈልገውን ዓይነት ማነጻጸሪያ ተፈጥሮ ጦሳ ተራራ ሥር በነጻ አስቀምጣለታለች። ደብዳቤው ይህን ትቶ «አልተጠናም» ይላል።

ኮምቦልቻን ብቻዋን እንያት። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ ብረታ ብረት የሚመረትባት ከተማ ናት፤ ለዮሌና ወርቃ የሚባሉ ትንንሽ ወንዞች የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዘው ወደ ቦርከና ይወርዳሉ፤ ቦርከና ደግሞ አዋሽን ይቀላቀላል። በዚህ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሥራቸውም ውጭ አገር ታትሟል። አንድ ሌላ መምህር ነገ ተነሥቶ ቢያጠናው ደብዳቤውን እንዲህ ቢጽፈው ምን ይጎድለዋል? «ጉዳዩ፦ ፍሳሽ በሚገባባቸው ሁለት ወንዞች ውስጥ ያለውን የክሮሚየም መጠን ይመለከታል። ከፋብሪካዎቹ በላይና በታች፣ በበጋና በክረምት ለክተናል፤ ልዩነቱ ይህን ያህል ሆኗል። ውሃው የሚገባበት ወንዝ ለመስኖ ይውላል። መጽሔትዎ ስለ ትንንሽ የኢንዱስትሪ ከተሞች ፍሳሽ ሲያወጣ ስለቆየ አንባቢዎቹ ማነጻጸሪያ ያገኙበታል ብለን እናምናለን። ጽሑፉ ሌላ ቦታ አልተላከም፤ ሁላችንም ተስማምተንበታል።» ይኸው ነው። አዘጋጁ ቡናውን ሳያስቀምጥ አንብቦ ይጨርሰዋል፤ ጽሑፉን ለማን እንደሚመራውም ወዲያው ያውቃል። የጽሑፉን ማጠቃለያ ቆርጦ ደብዳቤው ላይ መለጠፍም አያስፈልግም፤ ማጠቃለያውማ እዚያው ከሥሩ አለ።

እዚህ ላይ የይሉኝታ ክርክር ይነሣል። ወሎ ላይ ራስን ማወደስ ያስነውራል፤ «ያገኘሁት አዲስ ነገር ነው» ብሎ መጻፍ ጉራ ይመስላል፤ «ይህች ትንሽ ሥራ» ማለት ደግሞ የጨዋ ልጅ አነጋገር ነው። ጨዋነቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ድንበሩ የተገፋበት ገበሬ «ድንበሬ ተገፍቷል» ሲል ጉረኛ የሚለው የለም፤ የሆነውን ተናገረ። ውጤትን መናገርም ያው ነው። ለዚህ ከሕንዳዊው የፊዚክስ መምህር ከሳትየንድራ ናት ቦዝ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1924 ያስተምር የነበረው ዳካ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ከዚያ ጋር ሲተያይ ሽማግሌ ነው፤ ስለዚህ «እኛ ገና አዲስ ነን» የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ አያዋጣም። ቦዝ እንግሊዝ አገር ለሚታተም መጽሔት የላከው ጽሑፍ ሳይወጣለት ሲቀር ለአልበርት አይንስታይን ላከው፤ በአካል አይተዋወቁም። ደብዳቤው አጭር ነው። ገና ከመጀመሪያው ጽሑፉን ለአስተያየት መላኩን ይናገርና የፕላንክን ሕግ አንድ ክፍል ከነባሩ ኤሌክትሮዳይናሚክስ ሳይበደር ለማውጣት መሞከሩን ይገልጻል። ቀጥሎ ጀርመንኛው ለመተርጎም እንደማይበቃ ያስረዳል፤ የሚታተም ከመሰለዎት በእገሌ መጽሔት እንዲወጣ ቢያደርጉልኝ ብሎ የመጽሔቱን ስም ጠቅሶ ይጠይቃል። ትሕትና አለው፤ እንዲያውም ራሱን ከአይንስታይን ተማሪዎች ይቆጥራል። ትሕትናው ግን ከጉዳዩ በኋላ ነው የመጣው። አይንስታይን ጽሑፉን ራሱ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ በዚያው ዓመት አሳተመለት። ቦዝ ደብዳቤውን በሰላምታ ሞልቶት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ለፊዚክስ ሰዎች እተወዋለሁ።

ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ይጠነክራል፦ አዘጋጆች ደብዳቤውን አያነቡትም፤ ሥራው ራሱ ይናገራል። ግማሹን እቀበላለሁ። አይተውት የሚያልፉ አዘጋጆች አሉ፤ ጨርሶ የማይጠይቁ መጽሔቶችም አሉ። ካልጠየቁ አይላክ፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የሚጠይቁት ዘንድ ግን ብዙ ጽሑፍ ገምጋሚ እጅ ሳይደርስ ከአዘጋጁ ጠረጴዛ ይመለሳል፤ መምህራኑ «ዴስክ ሪጀክሽን» እያሉ የሚያለቅሱበት ይኸው ነው። ያን ጊዜ አዘጋጁ ፊት ያሉት ርዕሱ፣ ማጠቃለያውና ይህ ደብዳቤ ናቸው። ሥራው እንዲናገር መጀመሪያ የሚሰማው ሰው መቀመጥ አለበት። ደግሞም ደብዳቤው በርግጥ የማይነበብ ከሆነ ለአራት አንቀጽ ምስጋና ምን አደከመን? «አይነበብም» የሚለው ክርክር ለማሳጠር እንጂ ለማስረዘም አይሆንም።

ሦስተኛው ክርክር ልብ ይነካል፦ ችግራችንን እኛ ካልተናገርን ማን ያውቅልናል? የኅትመት ክፍያው በዶላር ነው፤ አንዳንዱ የመምህሩን የብዙ ወር ደመወዝ ጠራርጎ የሚወስድ ነው። ስለዚህ በደብዳቤው መጨረሻ ላይ «የምንኖረው በድሃ አገር ነው፤ ክፍያውን ይማሩን» የሚል ልመና ይታከላል። ልመናው በተሳሳተ መስኮት ነው የቀረበው። ኢትዮጵያ ለድሃ አገሮች በተዘጋጀው፣ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፕሮግራም የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ስላለች ክፍያውን በሙሉ የሚያነሡ አሳታሚዎች ብዙ ናቸው፤ ጥያቄው ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ለዚሁ በተዘጋጀ ቅጽ ነው፤ ብዙ መጽሔቶችም አዘጋጁ የገንዘቡን ነገር እንዳያይ ሆን ብለው ይጋርዱታል። ደግ ነገር ነው፤ ጽሑፍ በርኅራኄ እንዳይታተም፣ በክፍያም እንዳይታተም። ደብዳቤው ላይ የሚለምን ሰው የማይመለከተውን ዳኛ ነው የሚያስቸግረው።

ከችግር ሁሉ ግን ደብዳቤው ውስጥ በትክክል ቦታ ያለው አለ። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ኅዳር ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው በቆዩበት ጊዜ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ተዘርፏል፤ ኮምፒዩተርና የቤተ ሙከራ ዕቃ ሄዷል። ከዚያ በፊት ልኬት የጀመረ ሰው ጽሑፉ ላይ የማይዘጋ ቀዳዳ ቢኖርበት ምክንያቱን መናገር መብቱም ግዴታውም ነው። ይህም ቢሆን አነጋገር አለው። «ላቦራቶሪያችን በጦርነቱ ስለተዘረፈ የሁለተኛውን ዙር ናሙና ደግመን መለካት አልቻልንም፤ የተረፈው መረጃ ተያይዟል» ማለት መረጃ ነው፤ አዘጋጁ ይህን ይዞ ይወስናል። ስለ መከራው ሁለት ገጽ ጽፎ የናሙናውን ነገር መርሳት ግን አዘጋጁን ያሳዝነው ይሆናል እንጂ ለውሳኔው አይረዳውም። ትልቁ ሐዘን በአንድ መስመር ሲጻፍ ይጎልበታል የሚል ካለ ማመልከቻ ጻፊውን ይጠይቅ፤ የስንቱን ሞትና የስንቱን ቤት ቃጠሎ በ«ጉዳዩ» ሥር ጽፏል።

ምስጋና የበዛበት ደብዳቤ የሚወደድበት ቦታ ጠፍቶ አይደለም። የኮሎራዶው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል እ.ኤ.አ. በ2010 «አዳኝ» ብሎ ስም ያወጣላቸው፣ ለገንዘብ ሲሉ ያገኙትን የሚያትሙ መጽሔቶች ሸኚ ደብዳቤው ምስጋና ቢበዛበትም አይቀየሙም፤ እንዲያውም እነሱው ቀድመው ይጽፋሉ። «የተከበሩ ታላቅ ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ሥራዎን በአድናቆት አነበብን፣ ቀጣዩን በጉጉት እንጠብቃለን» ይላል፤ ተቀባዩ ገና ረዳት ሌክቸረር ነው፣ ስሙም በስሕተት ተጽፏል። ጉዳዩ የሚገለጸው መጨረሻ ላይ በዶላር ነው። የእኛን ሸኚ ደብዳቤና የእነሱን ግብዣ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ እጅ የጻፋቸው ይመስለዋል፤ ቁም ነገረኛው አዘጋጅ የሚሸሸውም ይህን መመሳሰል ነው።

አዲሱ መፍትሔ ደግሞ ቻትጂፒቲ ሆኗል፤ «ከቨር ሌተር ጻፍልኝ» ቢሉት በአንድ ደቂቃ ያዘንባል። ሰላምታው እንዲያውም ከእኛ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ግን እነዚያው የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች በእንዲህ ያለ መሣሪያ የተጠቀመ ሰው በምን እንደተጠቀመ በጽሑፉም በሸኚ ደብዳቤውም እንዲያሳውቅ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ማሽኑ የጻፈው ደብዳቤ ማሽኑ እንደጻፈው መናዘዝ አለበት፤ ኑዛዜውንም ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ማሽኑ ነው። ደብዳቤው ላይ ገምጋሚ እንዲጠቁሙ ሲጠየቁ የዘመድና የጓደኛ ስም ለሚሰጡ ደግሞ የደቡብ ኮሪያዊው ተመራማሪ የሁዩንግ ኢን ሙን ታሪክ ይበቃቸዋል፤ የጠቆማቸው ገምጋሚዎች ኢሜይል ወደ ራሱ እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. በ2012 ታውቆበታል። የተጠረጠረው ግምገማው በአንድ ቀን ስለሚደርስ ነው። 

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ«አቢሲኒያ» ስም የሚጀምሩ መጽሔቶች ያሳትማል፤ ስለዚህ ቀን የሌላውን ደብዳቤ እያነበበ የሚበሳጭ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ያንኑ ዓይነት የሚጽፍ መምህር በከተማው መኖሩ አይቀርም። ጥያቄዬ ለእነዚህ ሰዎች ነው። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የምርምር ዘዴ ሲያስተምሩ አንድ ከሰዓት በኋላ ለደብዳቤው ይስጡ፤ የሚፈልጉትንና የማይፈልጉትን ሁለት ደብዳቤ የሰው ስም ሰርዘው ያሳዩት። ተማሪው እንግሊዝኛው ከመምጣቱ በፊት «ጉዳዩ» ብሎ በአማርኛ አንድ መስመር ይጻፍ፤ መስመሩ ካልመጣለት ያልተዘጋጀው ደብዳቤው ሳይሆን ጥናቱ ነውና ወደ መረጃው ይመለስ። ደብዳቤው ያለቀለት አንባቢ ደግሞ «ላክ» የሚለውን ከመጫኑ በፊት አድራሻው ላይ ያለውን የመጽሔት ስም አንድ ጊዜ ይመልከት፤ ባለፈው ወር ጽሑፉን የመለሰበት የሌላው መጽሔት ስም ሊሆን ይችላል።